የጆሮ ልክ

"ይሄም ታፍኗል" አለ ጋሽ ጆሮ፣ አራተኛውን ጥንድ ስፒከር አንድ ደቂቃ እንኳ ሳያዳምጥ። "ብርድ ልብስ አልብሰህ ነው እንዴ የምትሸጠው?"

ባለሱቁ ሳቅ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። ሁለቱን ከባድ ስፒከሮች አንድ በአንድ ከጠረጴዛው አንሥቶ ከቀሩት ሦስት ጥንዶች አጠገብ መሬት ላይ ደረደራቸውና ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

"ጋሽ ጆሮ፣ ዛሬ ወገቤን ሳትጨርሰው አትቀርም። ይሄኮ ስንትና ስንት ስቱዲዮ የወሰደው ዕቃ ነው።"

"የሰው ስቱዲዮ ምን እንደሚወስድ አልጠየቅኩህም። እኔ የምፈልገው የማይዋሸኝን ነው።"

"እሺ፣ የማይዋሽ ስንፈልግ እንውላለና።"

የጋሽ ጆሮ ሴት ልጅ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አራቱንም ጥንዶች አብራው ሰምታለች፤ አስተያየት ግን አልሰጠችም። ጠዋት ከቤት ሲወጡ እሱ ሊያዳምጥ፣ እሷ ልትሸከም ተስማምተው ነው የመጡት። የቤታቸው ደንብ ይኸው ነው፤ ጆሮው የእሱ፣ ጉልበቱ የእሷ።

ጋሽ ጆሮ የሚለውን ስም ያወጡለት ሙዚቀኞች ናቸው። ገና በሃያዎቹ ሳለ በአንድ ሠርግ ላይ ከአዳራሹ ጫፍ ሆኖ የጊታሩ አንድ ክር መርገቡን ሰማና ባንዱን በሙሉ በዘፈኑ መሃል አስቆመ። ሙሽሮቹ ቅር ተሰኙ፤ ሙዚቀኞቹ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እናት አባቱ ባወጡለት ስም ጠርተውት አያውቁም። ያኔ ጆሮ ብቻ ነበር። ጋሹ ከሽበቱ ጋር መጣ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በየአዳራሹና በየጭፈራ ቤቱ፣ ከትልልቅ ስፒከሮች አጠገብ ቆሞ የሰው ድምፅ ሲያስተካክል ኖረ። ይሄ ባለሱቅ እንኳ ስፒከር መሸጥ ሳይጀምር በፊት ኪቦርድ ይጫወትለት ነበር። ጉልበቱ ሲደክም ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ዕቃ ቤት አጸዳ፣ ግድግዳዋን በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ለበጠ፣ መሃሏ ላይ አንድ ወንበር አኖረና ስቱዲዮ አላት። ድምፃዊ ሲመጣ ልጅቷ ትቀርጻለች። የተቀረጸውን ግን ዘፈኑን ከመሣሪያው፣ ወፍራሙን ከቀጭኑ አመጣጥኖ የሚጨርሰው እሱ ነው። መሃል ወንበሩ ላይ ከእሱ ሌላ የተቀመጠ ሰው የለም። ደንበኛ የሚቀመጠው በሩ አጠገብ ባለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው።

ከሦስት ወር ወዲህ ግን ሥራ መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ የልጆች መዝሙር ያስቀረጸ አንድ መምህር፣ "ትንሽ ጆሮ ይወጋል" ብሎ መለሰ። ሁለተኛው ደንበኛ አልመለሰም፤ ዝም ብሎ ሌላ ቤት ወስዶ አስጨረሰው። ሦስተኛዋ ከትናንት ወዲያ መጣች። ስድስት ወር የለፋችበትን አልበም በሙሉ ለእነሱ የሰጠች ድምፃዊት ናት። የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ከፕላስቲኳ ወንበር ተነሣች።

"ጋሼ፣ የራሴ ድምፅ ነው፤ ግን ልሰማው አልቻልኩም" አለችው። "ጥርስ ያፋጫል።"

እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ለሌላ ሰው እንደምትሰጠው ለእሱ መናገር አፈረች፤ በር ላይ ለልጅቷ ነግራት ሄደች። ጋሽ ጆሮ ከልጁ አፍ ሲሰማው ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም። ይህች ድምፃዊት ከሄደች ሌሎቹም ተከትለዋት እንደሚሄዱ ያውቃል። እነሱ ከሄዱ ደግሞ ጋሽ ጆሮ የሚባል ሰው አይኖርም፤ ዕቃ ቤት ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ነው የሚኖረው።

በነጋታው ጥፋተኛውን አገኘ። አሮጌዎቹ ስፒከሮች ናቸው። "አሥራ አምስት ዓመት ሠርተዋል። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ ደክማለች" አለ። "እነሱ አፍነው ሲያሰሙኝ ጊዜ እኔ እጨምራለሁ። ስጨምር ደግሞ ሰው ይወጋል።" የሙያው ሰው ሁሉ ጣቱን መጀመሪያ የሚቀስረው ዕቃው ላይ ነው። ልጅቷም አልተከራከረችውም፤ "እንግዲያው አዲስ እንግዛ" ብላ ለራሷ ያስቀመጠችውን ገንዘብ አወጣች።

አሁን ባለሱቁ አምስተኛውን ጥንድ ተሸክሞ መጣ። ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ፣ ዙሪያውን ቀይ መብራት ያለው ነው። ሲያስቀምጠው ራሱ ያፈረ ይመስል ነበር።

"ይሄ እንኳ ለጭፈራ ቤት ነው። ደበቅከኝ እንዳትል ብዬ ነው።"

ጋሽ ጆሮ እንደ ልማዱ ከኪሱ ሲባጎውን አወጣ። አንድ ቋጠሮ ያለበት አሮጌ ሲባጎ ነው። ከጫፉ እስከ ቋጠሮው ያለው፣ ጋሽ ጆሮ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከመሬት እስከ ጆሮው ያለው ልክ ነው። የትም ሄዶ ስፒከር ሲያዳምጥ ትንሿ ክብ ከቋጠሮው ትክክል ካልዋለች አይቀመጥም። ሜትር የሚባል ነገር መኖሩን ብዙ ሰው ነግሮታል። ለካና ተቀመጠ፤ ባለሱቁም የድምፃዊቷን ዘፈን ከፈተ።

የጋሽ ጆሮ ፊት በራ። የድራሙ ሲምባል ጥርት ብሎ ወጣ። ድምፃዊቷ ቃሉን ከመጀመሯ በፊት አየር ስትስብ ሳይቀር ተሰማው።

"ይሄ ነው" አለ። "ስሙት እስቲ። እስትንፋሷ እንኳ አለ።"

ልጅቷ ፈገግ አለችለት። ባለሱቁ ግን ከስፒከሮቹ ፊት ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ነበር።

"ጋሽ ጆሮ፣ አንተን ላስተምር አይደለም። ይሄ ዕቃ ውሸታም ነው። ቀጭኑን ድምፅ ከልኩ በላይ ነው የሚያወጣው።"

"ውሸታሞቹ እነዚያ አራቱ ናቸው።"

"እንግዲያው ሦስተኛው ይታፈን አይታፈን በመሣሪያ ላሳይህ። ደረቅ ድምፅ ነው፤ ዘፈን የለው፣ ምን የለው። ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ታፍኖ ከሆነ መንገድ ላይ ይጠፋል።"

"ክፈተው" አለ ጋሽ ጆሮ። እንዲህ ያለ ፈተና ደስ ይለዋል።

ባለሱቁ ሦስተኛውን ጥንድ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አወጣና ከኮምፒውተሩ አገናኘው። ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ የጭነት መኪና ወፍሮ ጀመረ። ቀስ እያለ ወደ ሰው ድምፅ ወጣ፤ ከዚያ ወደ ፉጨት፤ ፉጨቱም እየሰላ እየሰላ ሄዶ እንደ መርፌ ቀጠነ። ከዚያ ጠፋ።

"ቆመ" አለ ጋሽ ጆሮ እጁን አንሥቶ። "አያችሁ? እዚህ ላይ ሞተ። ምን አልኳችሁ?"

በዚሁ መሃል ገመድ ልትገዛ የመጣች ሴት በሩ ላይ ቆማ ሁለት ጆሮዋን በእጆቿ ደፈነች።

"ኧረ ይሄን ጩኸት ዝጉልን" አለች። "ጭንቅላት ይበሳል።"

ጋሽ ጆሮ "የምን ጩኸት?" ሊላት አፉን ከፈተና ልጁን አየ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍናለች። ቀኝ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል። ከልጅነቷ ጀምሮ ቢላ ሳህን ሲቧጥጥ እንደዚያ ነው የምትሆነው። ኮምፒውተሩ ላይ የድምፁን ቅጥነት የሚያሳየው ቁጥር አሁንም ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ባለሱቁ ዘጋው። ለሴትዮዋና ለልጅቷ ጸጥታ መጣላቸው፤ ለጋሽ ጆሮ ግን ቀድሞም ጸጥታ ነበር።

"እንደገና ክፈተው" አለ።

"ምን ያደርጋል ጋሽ ጆሮ፣ አየነው እኮ።"

"ክፈተው አልኩህ።"

በዚህኛው ዙር ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለስፒከሮቹ፣ ፊቱን ለልጁ ሰጠ። ድምፁ ተነሣ፣ ወጣ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። እሱ ዘንድ ከጠፋ በኋላ የልጁን ፊት ተመለከተ። እየተመለከታት መሆኑን አውቃለች። ትከሻዋን አላነሣችም፤ ዓይኗንም አልጨፈነችም። እጆቿን ከኋላዋ ደብቃ ምንም እንዳልሰማ ሰው ቀጥ ብላ ቆመች። የግራ ዓይኗ ሽፋሽፍት ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱን ማቆም አልቻለችም።

"አዎ ጋሽ ጆሮ" አለ ባለሱቁ መሬት መሬቱን እያየ። "እዚህ ላይ ትንሽ ይደክማል። ልክ ነህ።"

ሰው ሲያከብር እንዲህ ነው የሚዋሸው። ጋሽ ጆሮ ከወንበሩ አልተነሣም። ሲባጎውን ጣቱ ላይ ይጠመጥማል፣ ይፈታል። ድምፃዊቷ ትዝ አለችው። ከፕላስቲኳ ወንበር የተነሣችው እዚያው እቤት፣ በእነዚያው ታፍነዋል በሚላቸው ስፒከሮች ሰምታ ነው። ታፍነው ቢሆን ኖሮ እሷን ምን አስነሣት? ከጠዋት ጀምሮ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር።

ከዚያ የመምህሩ መዝሙር መጣበት። ያኔ ልጅቷ ሳታስፈቅደው ቀጭኑን ድምፅ ቀንሳው ነበር። ጠዋት አገኘውና፣ "ማነው ሥራዬን የነካው? አንቺ ጆሮ የለሽም እንዴ?" ብሎ ጮኸባት። እሷ፣ "ይቅርታ አባዬ፣ ተሳስቼ ነው" ብቻ አለች። ሥራውን ወደ ነበረበት መልሶ አስረከበ፤ እሷን ሁለት ቀን አኮረፋት። አሁን ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲመጣበት አፈረ። ከማፈሩ በላይ ደግሞ አዘነ። ሰው የሚወደውን ሲቀብር የሚያዝነው ዓይነት ሀዘን ነበር፤ የሚያለቅስለት ግን ማን እንደሆነ አላወቀም።

"አምስተኛውን እንውሰድ" አለች ልጅቷ በድንገት። "አባዬ እሱን ወዶታል።"

ባለሱቁ ቀና ብሎ አያት። "ለአንቺስ? ቀኑን ሙሉ እሱ ሥር ነው የምትውይው። ጆሮሽን ይጨርሰዋል።"

"እለምደዋለሁ።"

ጋሽ ጆሮ ይህችን ቃል ሰማት። በሃያ ዓመቱ ከጭፈራ ቤት ጆሮው እየጮኸ ሲገባ ለእናቱ የሚላት ይህችኑ ነበር።

"ሦስተኛውን አሽግልን" አለና ተነሣ።

"ታፍኗል ብለህ አልነበር?"

"አልታፈነም። አሽገው።"

ባለሱቁ ስፒከሮቹን በየካርቶናቸው ከትቶ በፕላስተር አሽጎ እስከ ታክሲው ድረስ ራሱ ተሸከመላቸው። ሲሰናበቱ የጋሽ ጆሮን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

ታክሲው ውስጥ ካርቶኖቹ በመሃላቸው ነበሩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አላት።

"ምኑን አባዬ?"

"ተይ እንግዲህ።"

ልጅቷ የካርቶኑን ፕላስተር በጥፍሯ መላጥ ጀመረች። "መዝሙሩን ስንቀርጽ ነው። የክፍሉ አምፖል ያፏጭ ነበር፤ ፉጨቱ ከልጆቹ ድምፅ ጋር ገብቷል። አሰማሁህና፣ 'ንጹሕ ነው' አልከኝ። የቀለድክ መስሎኝ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ?" አለች። "ሰው ሁሉ ጋሽ ጆሮ እያለ የሚጠራውን ሰው ምን ብዬ?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ልጁ፣ ደንበኞቹ፣ ምናልባትም የሙዚቃው ሰፈር ሁሉ ሲያወራው የከረመውን እሱ መጨረሻ ሰማ። አልተቆጣትም። እሷ ቦታ ቢሆን እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ይል ነበር።

"ጎረቤት ያን የግቢውን ትልቅ ዛፍ ካስቆረጠ ወዲህ" አለ፣ "ወፎቹ ሰፈሩን ለቀው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውዬውን በልቤ ስረግመው ነው የኖርኩት።"

ልጅቷ ፕላስተሩን መላጥ ትታ ወደ እሱ ዞረች።

"አሁንም ይመጣሉ?"

"ይመጣሉ አባዬ። ጠዋት ጠዋት።"

"ብዙ ናቸው?"

"እንደ ድሮው ናቸው።"

ጋሽ ጆሮ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ፤ ታክሲው እቤታቸው በር ላይ እስኪቆም ድረስም ወደ እሷ አልዞረም።

በሩን የከፈተችላቸው ሚስቱ ናት።

"ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ እኮ አንተ ሰውዬ" አለችው። "ሠላሳ ዓመት ስጠራህ አልሰማም ስትል ኖረህ፣ ጭራሽ ስልኩንም ጀመርከው?" ብላ ሳቀች።

ልጅቷ እናቷን በዓይኗ ተቆጣች። ጋሽ ጆሮ ግን ደጃፉ ላይ ቆም አለ።

"ያኔ አውቄ ነበር የማልሰማሽ" አላት። "አሁን እውነቱን ነው።"

የሚስቱ ሳቅ ፊቷ ላይ ቀረ። እሱንና ልጇን አፈራርቃ አየች። ጎንበስ ብላ የአንዱን ካርቶን ጫፍ ያዘችና ከልጇ ጋር ወደ ስቱዲዮው ወሰደችው።

ስቱዲዮዋ እንደ ጠዋቱ ናት። አሮጌዎቹ ስፒከሮች ግራና ቀኝ በእንጨት መቆሚያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከየመቆሚያው ሥር ከፍ እንዲል ብሎ ጋሽ ጆሮ ራሱ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስገባው አንድ አንድ ጡብ አለ። እሱና ልጅቷ አሮጌዎቹን አውርደው አዲሶቹን ሰቀሉ። ከዚያ ልጅቷ ሲባጎውን እንዲሰጣት እጇን ዘረጋች። ስፒከር ሲተከል እሱ መሃል ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ቋጠሮውን ይዛ ትለካለች።

ጋሽ ጆሮ ሲባጎውን አልሰጣትም።

"ተቀመጪ" አላት።

"የት?"

በአገጩ መሃል ወንበሩን አሳያት።

"አባዬ፣ ያንተ ወንበር እኮ ነው።"

"ልክሽን ልወስድ ነው። ተቀመጪ።"

እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

"ወደ ኋላ ተደገፊ። እንደዚያ ተኮራምተሽ አይለካም።"

ተደገፈች። ጋሽ ጆሮ ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበረከከና የሲባጎውን ጫፍ መሬት ላይ ይዞ፣ በሌላ እጁ ወደ ጆሮዋ ወጠረው። ይህን ጆሮ ከዚህ ቅርበት ካየው ዘመን የለውም። ስድስት ዓመቷ ሳለ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ይሄ ቤዝ ነው፣ ይሄ ሲምባል ነው እያለ ያስተምራት ነበር። ልኩ ከእሱ ቋጠሮ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቆመ። እዚያ ላይ አዲስ ቋጠሮ ቋጠረ፤ ከሁለቱ መቆሚያዎች ሥርም ጡቦቹን አወጣ። ስፒከሮቹ ከልጅቷ ጆሮ ትክክል ዋሉ።

"የሐሙሱን ማን ሊሠራው ነው?" አለች ልጅቷ። ማን እንደሚሠራው ገብቷት ነበር፤ ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት አለ።

"አንቺ። እኔ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን አይልሻለሁ። እሱን ገና አልተቀማሁም።"

"ካልቻልኩስ?"

"የመምህሩን መዝሙር ችለሽው ነበር። ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ።"

ልጅቷ እንባዋ ሲወርድ ወደ ስፒከሮቹ ታይ ነበር። ጋሽ ጆሮ ከጠረጴዛው መሳቢያ መቀስ አወጣ። ሲባጎውን ከአዲሱ ቋጠሮ በላይ ቆረጠና የእሷን ልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። የእሱ ቋጠሮ ያለባትን ቁራጭ ኪሱ ከተተ፤ ከዚያም ሄዶ በሩ አጠገብ ባለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ።